ከሰል፣ ማገዶ፣ ኩበት፣ ባዮጋዝ፦ እውነተኛ ዋጋቸው ስንት ነው?

መብራት ሲጠፋ ብዙዎቻችን ከሰል እናያይዛለን። "ርካሽ ነው" እንላለን አይደል? እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው፤ ከኪሳችን የወጣውን ብቻ ሳይሆን ጫካውና ሳንባችን የከፈሉትንም ጨምረን።

🔸 ከሰል
እንጨቱ አፈር ለብሶ በባህላዊ መንገድ ሲከስል፣ 1 ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ያስፈልጋል። አብዛኛው ጉልበት እኛ ጋ ሳይደርስ እዛው ባክኖ ይቀራል ማለት ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ ጭሱ ብዙም ስለማይታይ ደህና ይመስላል። ግን ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። በር ዘግቶ፣ ከሰል አንድዶ መተኛት የሚገድለው ለዚህ ነው።

🔸 ማገዶ
"ዛፍ መልሶ ይበቅላል፣ ስለዚህ ጉዳት የለውም" የሚሉ አሉ። እውነት የሚሆነው የተቆረጠው ያህል ሲተካ ብቻ ነው። አዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ባህር ዛፍ የተተከለባት ማገዶ ስላጠራት ነበር። ጭሱም አለ፦ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ የቤት ውስጥ የአየር ብክለት 3.2 ሚሊዮን ሰው ገድሏል። በብዛት የሚጋለጡት እናቶችና ሕፃናት ናቸው። "ምርጥ" የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል።

🔸 ኩበት
በነጻ ይገኛል። ግን ማሳ ላይ ቢገባ ማዳበሪያ ይሆን ነበር። ኩበቱን ያነደደ ገበሬ ማዳበሪያ በብር ይገዛል።

🔸 ባዮጋዝ
እበትና ውሃ ተቀላቅሎ፣ አየር በማይገባበት ጉድጓድ ሲብላላ ጋዝ ይሰጣል። ዝቃጩ ማዳበሪያ ነው፤ ማዕድ ቤቱም ከጭስ ይገላገላል። ችግሩ ምንድን ነው? ለግንባታው መነሻ ብር፣ በየቀኑ ደግሞ እበትና ውሃ ይፈልጋል። ጋዙ ካፈሰሰ የሚወጣው ሚቴን ነው፤ እሱ በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ዓለምን ያሞቃል።

📌 "አዲስ ቴክኖሎጂ" ሲሏችሁ እነዚህን 4 ነገሮች ጠይቁ
1. ማገዶው ከየት ይመጣል? ይተካል?
2. መንገድ ላይ ስንቱ ይባክናል?
3. ጭሱን ማን ይተነፍሳል?
4. ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? በስንት?

ዛሬ ማታ ከሰል የምታያይዙ ካላችሁ፣ ከመተኛታችሁ በፊት ምድጃውን ወደ ውጭ አውጡት። ይሄ ምንም ብር አያስከፍልም። ለጓደኞቻችሁም አጋሩ 🙏