የሐጂው ልጅና የቻይና መርከቦች



የተከበራችሁ አድማጮች፣ ይህን ዝግጅት ስትከታተሉ ምናልባት ቡናው ተፈልቶ ሲኒው ተደርድሮ ይሆናል። እንግዲያስ አንዱን ሲኒ አንሱና ተመልከቱት። «ሲኒ» የምንለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ «ሲኒይ» ማለት «ቻይናዊ» ማለት ነው። ሙስሊም ነጋዴዎች ከሩቅ ምሥራቅ ያመጡትን ስስና አንጸባራቂ ዕቃ በተሠራበት አገር ስም ጠሩት፤ ዕቃውም ስሙም ባሕር ተሻግሮ እኛ ዘንድ ደረሰ። ቻይና ቤታችን የገባችው ሞባይሉና ቴርሞሱ ከመምጣታቸው ከብዙ ዘመን በፊት ነው ማለት ነው።

ዛሬ የምናወጋችሁ በዚያው ባሕር ላይ ስለተመላለሰ አንድ የሙስሊም ቤተሰብ ልጅ ነው። ስሙ ዜንግ ሄ ይባላል። ይህ ሰው ሁለት ታሪክ አለው። አንዱ በራሱ ዘመን የሆነው ነው። ሌላው የቻይና መንግሥት ዛሬ ለዓለም የሚተርከው ነው። ሁለቱ የሚገጥሙበት ቦታ አለ፣ የማይገጥሙበትም አለ። ዓመታቱን የምንጠራላችሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ዜንግ ሄ የተወለደው በ1371 በደቡብ ምዕራብ ቻይና፣ በዩናን ግዛት፣ ኩንያንግ በምትባል ስፍራ ነው። የመጀመሪያ ስሙ ማ ሄ ነበር። አባቱም አያቱም የሚታወቁት «ሐጂ» በሚለው ማዕረግ ነው። ከዩናን ተራሮች ተነሥቶ መካ ደርሶ መመለስ በዚያ ዘመን ምን ማለት እንደነበር እስቲ አስቡት! በትውፊት እንደሚነገረው የዘር ሐረጋቸው የሚመዘዘው ሞንጎሎች ቻይናን ሲገዙ ዩናንን ካስተዳደሩት የቡኻራው ሰው፣ ከሰይዪድ አጀል ሸምሱዲን ዑመር ነው።

ልጁ ዐሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው የሚንግ ሥርወ መንግሥት ጦር ዩናንን ወረረ። አባቱ በዚያው የጦርነት ሰሞን ገና በ39 ዓመቱ ሞተ። ልጁ ተማረከ፤ ሰለቡትም። ከዚያ ዡ ዲ ለሚባል ልዑል አገልጋይ ሆኖ ተሰጠ። ዡ ዲ በ1402 የወንድሙን ልጅ ከዙፋን አውርዶ ዮንግሌ በሚል የዘመን ስም ንጉሠ ነገሥት ሲሆን፣ ታማኙ ጃንደረባም አብሮት ከፍ አለ። «ዜንግ» የሚለውን ስም ያገኘውም ከዚሁ ንጉሥ ነው። በ1405፣ ወደ ባሕር ከመውጣቱ በፊት፣ በአባቱ መቃብር ላይ የአባቱን ታሪክ የሚናገር የድንጋይ ጽሑፍ አስቆመ። ስለ ሐጂ አባቱ የምናውቀው አብዛኛው ነገር ከዚያ ድንጋይ የተገኘ ነው።

ከ1405 እስከ 1433 ድረስ ሰባት ጊዜ ታላቅ መርከበኛ ጦር ወጣ። በመጀመሪያው ጉዞ ብቻ ከ27,000 በላይ ሰው ተሳፍሯል። ጃቫን፣ ማላካን፣ ሴሎንን፣ ካሊኬትን፣ ሆርሙዝን፣ ዐደንን አዳረሰ፤ ከእኛው ወገን ደግሞ መቅዲሾንና ባራዋን፣ ወደ ደቡብም ማሊንዲን። የመርከቦቹ ርዝመት ከ120 ሜትር በላይ ነበር የሚባለውን የመርከብ አሠራር አዋቂዎች ይጠራጠሩታል፤ ከእንጨት የተሠራ መርከብ ያን ያህል ርዝመት መሸከሙ ያከራክራል። ግማሹ ቢሆን እንኳ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከመርከበኞቹ መካከል ማ ሁዋን የተባለ ሙስሊም አስተርጓሚ ነበር፤ ያየውን ጽፎ ትቶልናል። በመጨረሻው ጉዞ ከካሊኬት ሰባት ሰዎች ምስክና የሸክላ ዕቃ ይዘው በሌላ መርከብ ወደ መካ መላካቸውን፣ ከዓመት በኋላም የተከበረውን ቤት ሥዕል ይዘው መመለሳቸውን ይነግረናል። ዜንግ ሄ ራሱ ሐጅ ስለማድረጉ ግን ማስረጃ የለም፤ እንዲያ ሲባል ብትሰሙ በዝግታ ተቀበሉት። ስለ ሃይማኖቱም እንዲሁ ነው። በ1417 ኳንዡ ውስጥ ወደሚገኙት ጥንታዊ የሙስሊም መቃብሮች መሄዱ በድንጋይ ተጽፏል። በሌላ በኩል የቡድሃ መጻሕፍትን አሳትሟል፤ ለባሕር አምላኪቱም ጽሑፍ አስቀርጿል። በ1409 የተጻፈውና ሴሎን ውስጥ የቆመው ድንጋይ በቻይንኛ ለቡድሃ፣ በታሚልኛ ለሂንዱ አምላክ፣ በፋርስኛ ደግሞ ለአላህ ክብር ይሰጣል። የንጉሥ መልእክተኛ ነበርና ልቡ የት እንደነበረ አላህ ያውቃል።

አሁን ወደ ቀጭኔው እንምጣ። በ1414 የቤንጋል ሱልጣን ለዮንግሌ ቀጭኔ ላከለት፤ በተከታዩ ዓመት ደግሞ ከማሊንዲ ሌላ መጣ። ቻይናውያን ጻድቅ ንጉሥ ሲነግሥ ብቻ የሚገለጥ «ቺሊን» የሚሉት የተረት እንስሳ አላቸው። የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ቀጭኔውን አይተው «ይኸውና ቺሊን!» አሉ፤ ተሳለ፣ ግጥም ተገጠመለት። አስታውሱ፣ ንጉሡ ዙፋኑን ከወንድሙ ልጅ የቀማ ሰው ነው። ከአፍሪካ የመጣችው ምስኪን እንስሳ በገዛ ሕዝቡ ፊት የንግሥናው ምስክር ሆነችለት። ስለዚህ ምስልን ለመንግሥት ጥቅም ማዋል ቴሌቪዥን ያመጣው ነገር አይደለም። ያኔ ዓለም ወደ ቻይና ይቀርብና ለቻይናውያን ይታይ ነበር። ዛሬ ዜንግ ሄ ከቻይና ይወጣና ለዓለም ይታያል።

ከ1433 በኋላ ጉዞው ቆመ። የጉዞው መዛግብት አብዛኛው ጠፋ፤ ሰውየውም በአገሩ ለረጅም ዘመን ያን ያህል አልተወሳም። ያልረሱት በጃቫና በማላካ የሚኖሩት ናቸው። ሰማራንግ ውስጥ ቤተ አምልኮ ሠርተው ዕጣን እስከማጨስለት ደረሱ። የሐጂ ልጅ እንዲህ ሲመለክ ሰሞቶ አስተግፊሩላህ ከማለት በቀር ምን ይባላል! በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ ግን ቻይና በአውሮፓ መርከቦች ተዋርዳ ሳለ፣ ሊያንግ ቺቻዎ የተባለው ጸሐፊ «እኛም እኮ ታላቅ መርከበኛ ነበረን» ብሎ ስሙን አነሣው። ከዚያ ወዲህ ዜንግ ሄ የብሔራዊ ኩራት ሰው ሆነ።

አንድ አገር በጦር ሳይሆን በመወደድ የሚያገኘውን ተሰሚነት የዘመኑ ሰዎች «ለስላሳ ኃይል» ይሉታል። ቻይና በ2004 የኮንፊሺየስ ተቋማትን መክፈት ጀመረች። በ2007 ፕሬዚዳንት ሁ ጂንታዎ በፓርቲያቸው ጉባኤ ላይ ይህንኑ የባህል ለስላሳ ኃይል ማሳደግ እንደሚገባ በግልጽ ተናገሩ። በ2012 የመንግሥቱ ቴሌቪዥን ናይሮቢ ላይ የአፍሪካ ማዕከሉን ከፈተ። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ 200 ሚሊዮን ዶላር የፈጀ የቻይና ስጦታ ነው። ከዚያ በፊት ብዙዎቻችን ቻይናን የምናውቃት በቪዲዮ ቤት የኩንግፉ ፊልም ነበር፤ እነዚያ ፊልሞች ደግሞ ያኔ በእንግሊዝ ሥር በነበረችው በሆንግ ኮንግ የተሠሩ ናቸው። ሳይታሰብ የተገኘ ፍቅር እንበለው።

የዜንግ ሄ ምስል የወጣው በዚሁ ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ጉዞ 600ኛ ዓመት በ2005 በታላቅ ድምቀት ተከበረ፤ መርከቦቹ የተነሡበት ነው የተባለው ሐምሌ 11ም ብሔራዊ የባሕር ቀን ሆነ። ኬንያ ውስጥ ላሙ አጠገብ ባለችው በፓቴ ደሴት፣ ከሰጠመ የቻይና መርከብ ከተረፉ ሰዎች እንወለዳለን የሚሉ ሙስሊም ቤተሰቦች አሉ። ከዚያ አካባቢ አንዲት ወጣት ለበዓሉ ወደ ቻይና ተጋበዘች፤ በኋላም እዚያው የምትማርበት ዕድል ተሰጣት። ዜናው ዓለምን ዞረ። የቻይናና የኬንያ ባለሙያዎች በየብስም በባሕርም ፍለጋ አካሄዱ። በ2010 ማምብሩይ ላይ በዮንግሌ ዘመን የተሠራ የቻይና ሳንቲም ተገኘ። የዜንግ ሄ ነው ሊባል የሚችል የሰጠመ መርከብ ግን አልተገኘም። ሳንቲምና ሸክላ ደግሞ በዐረብ፣ በፋርስና በህንድ ነጋዴዎች እጅም ይመጣል፤ የእኛም ሲኒ ምስክር ነው።

በግንቦት 2017 ፕሬዚዳንት ሺ ጂንፒንግ ስለ አዲሱ የሐር መንገድ ቤጂንግ ላይ ሲናገሩ ዜንግ ሄን አነሡ፤ እንደ እርሱ ያሉት ተጓዦች በጦር መርከብ እንደመጡ ወራሪዎች ሳይሆን እንደ ወዳጅ መልእክተኞች እንደሚታወሱ ገለጹ። ከሃቁ ከፊሉ ይህ ነው። ዜንግ ሄ ከፖርቱጋሎቹ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ሞምባሳን አላቃጠለም፤ የሐጅ መርከብ አልዘረፈም። ይሁን እንጂ በመርከቦቹ ላይ ከነበሩት አብዛኞቹ ወታደሮች ናቸው። በ1407 ፓሌምባንግ ላይ የነበረውን የቻይናውያን አለቃ የባሕር ሽፍታ ነው ብሎ ማርኮ ወሰደው። በ1411 የሴሎንን ገዥ ከነቤተሰቡ ይዞ ናንጂንግ አቀረበው። ሱማትራ ውስጥም በዙፋን ጠብ ገብቶ ተዋግቷል። መርከቦቹ የሚጠይቁትም ወዳጅነት ብቻ አልነበረም፤ የየአገሩ ገዥዎች የቻይናን ንጉሥ የበላይነት እንዲቀበሉ ነበር።

የበለጠ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። ከኩንያንግ ወደ ደቡብ ብዙም ሳይርቅ ናጉ የምትባል የሙስሊሞች ከተማ አለች። በግንቦት 2023 ባለ ሥልጣናት የናጂያይንግን መስጊድ ጉልላትና ሚናራዎች ሊያፈርሱ ሲመጡ ሕዝቡ በር ላይ ቆሞ ከፖሊስ ጋር ተጋጨ። በኋላ ጉልላቱ ተነሣ። በዚያው በዩናን፣ በሻድያን ያለው ታላቅ መስጊድ በመዲናው የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መስጊድ አምሳል የተሠራ ነበር፤ የእርሱም አረንጓዴ ጉልላት ወርዶ በቻይና ዓይነት ጣሪያ ተተካ። ምክንያቱ እስልምናን «ቻይናዊ ማድረግ» የሚለው ፖሊሲ ነው። ሻድያን በ1975 ጦር ዘምቶባት ከሺህ በላይ ሰው ያለቀባት ከተማ ናት፤ መንግሥት ራሱ በ1979 ስሕተት እንደነበር አምኗል። እንግዲህ የሐጂው ልጅ ስም በኢንዶኔዥያና በኬንያ እንደ ወዳጅነት ማኅተም ሲዞር፣ በተወለደበት ግዛት ሐጂዎች የሠሩት መስጊድ የውጭ ነገር ተባለ።

የሺንጂያንግ ኡይጉሮች ጉዳይ ደግሞ ከዚህም የከፋ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ጽሕፈት ቤት በነሐሴ 2022 ባወጣው ሪፖርት እዚያ የተፈጸመው እስር በሰብዓዊነት ላይ የተፈጸመ ወንጀል ሊሆን እንደሚችል ገልጿል። ቻይና ይህን አትቀበልም፤ የሙያ ማሠልጠኛና አክራሪነትን መከላከያ ነው ትላለች። ከዚያ ቀደም ብሎ በሐምሌ 2019፣ 37 አገሮች ቻይናን የሚደግፍ ደብዳቤ ፈርመው ነበር። ከእነርሱ መካከል ሳዑዲ ዐረቢያ፣ ፓኪስታን፣ ግብጽና አልጄሪያ ይገኙበታል። ለስላሳው ኃይል ከብድሩና ከነዳጁ ጋር ሆኖ ምን እንደሚሠራ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላገኘሁም።

በ2022 መጨረሻ ፕሬዚዳንት ሺ ሪያድን ሲጎበኙ በሳዑዲ ጋዜጣ ላይ በወጣው ጽሑፋቸው፣ ዕውቀትን እስከ ቻይና ድረስ ሄዳችሁም ቢሆን ፈልጉ የሚለውን አባባል ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) እንደተነገረ አድርገው ጠቅሰዋል። የሐዲስ ሊቃውንት ግን ዘገባውን ደካማ፣ አንዳንዶቹም የተፈጠረ ነው ብለውታል። እኛም በየሰርጉና በየስብሰባው ስንጠቅሰው ኖረናልና በሰው ለመፍረድ አንቸኩል።

የዜንግ ሄ መቃብር የሚባለው ናንጂንግ አጠገብ ባለ ኮረብታ ላይ ነው። በ1985 በሙስሊም መቃብር ቅርጽ እንደገና ተሠርቷል፤ ላዩ ላይም በዐረብኛ ፊደል «አላሁ አክበር» ተቀርጿል። ብዙ የታሪክ ሰዎች እንደሚሉት አስከሬኑ እዚያ የለም፤ በመጨረሻው ጉዞ ላይ ሞቶ ባሕር ውስጥ ቀርቷል።