እርሾና ሃይድሮጅን

በደብረ ታቦርና በጉና ተራራ ዙሪያ እናቶቻችን ሊጥ ሲጨርሱ ከቡሃቃው ጥቂት እርሾ ያስቀራሉ። በእርሾው ውስጥ ያሉት ረቂቃን ተሐዋስያን የሚቀጥለውን ሊጥ ያቦካሉ። የሃይድሮጅን ሊቃውንት በብዙ ድካም የደረሱበት አንድ ዘዴ ከዚህ ልማድ ጋር የሚቀራረብ ስለ ሆነ፣ ታሪኩን ባጭሩ ልናቀርብ ወደድን። ዓመተ ምሕረቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሃይድሮጅን ሲነድ ጥላሸት የሌለው ጋዝ ነው፤ ከኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ ውኃ ይሆናል። ጠባዩን በ1766 መርምሮ የገለጠው እንግሊዛዊው ሄንሪ ካቬንዲሽ ነው። በ1931 ማርጆሪ ስቲፈንሰንና ሌናርድ ስቲክላንድ በባክቴርያ ውስጥ ሃይድሮጅኔዝ የተባለውን ኢንዛይም አገኙ። በ1942ም ሐንስ ጋፍሮንና ጃክ ሩቢን አረንጓዴ አልጌ ሃይድሮጅን እንደሚሰጥ አስታወቁ።

ከዚህ በኋላ የቀረው ችግር ባክቴርያውን በሥራው ላይ ማቆየት ነበር። ስኳር ያለበት ውኃ በዕቃው ውስጥ ሳያቋርጥ ሲያልፍ፣ ፍሰቱ ከባክቴርያዎቹ መራባት ከፈጠነ ሁሉም ተጠርገው ይወጣሉ። በ1976 ጃፓናዊው ኢሳኦ ካሩቤና የሥራ ባልንጀሮቹ ክሎስትሪድየም ቡቲሪከም የተባለውን ባክቴርያ ፖሊአክሪላማይድ በሚባል የረጋ ነገር ውስጥ ያዙት። ስኳሩ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፣ ሃይድሮጅኑ ይወጣል፣ ባክቴርያው ግን ከቦታው አይለቅም። የረጋው ነገር፣ ለዚህ ባክቴርያ ጠላት ከሆነው ከኦክሲጅንም በመጠኑ ይጋርደዋል።

ይሁን እንጂ ሥራው አልተፈጸመም። ባክቴርያው ከ1 ሞል ግሉኮስ ቢበዛ 4 ሞል ሃይድሮጅን ያወጣል፤ ግሉኮሱ ከውኃ ጋር ፈጽሞ ቢለወጥ ግን 12 ሞል በተገኘ ነበር። የቀረው በአሲድ መልክ ይጠፋል።

ጉዳዩ ለአገራችን ሩቅ አይደለም። በ2009 የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም አማራን ጨምሮ በአራት ክልሎች ከእበት ጋዝ ማውጣትን አስተማረ። በባዮጋዙም ጕድጓድ ሃይድሮጅን ይወለዳል፤ ሌሎች ተሐዋስያን ግን ወዲያው ተቀብለው ሚቴን ያደርጉታል።

ኩበት በምድጃ ሲነድ እርሻው ማዳበሪያውን ያጣል፤ የጋጋሪዋም ዓይን በጭስ ይጎዳል። ስለዚህ ጭስ የሌለውን እሳት መፈለግ ለደጋው ሕዝብ የዳቦና የጤና ጉዳይ ነው። ኬሚስትሪና ባዮሎጂ የምንማር እኛ ተማሪዎችም ትምህርቱን ለፈተና ብቻ ሳይሆን ለዚህ ችግር መፍትሔ ብለን ብንይዘው፣ ላስተማሩን መምህራንና ወላጆች ውለታቸውን በከፈልን ነበር።