ከሁለተኛው እሳት የተረፉ

ሸክላ ከእሳት ይወለዳል። የሞሃቬዎችን ሸክላ ግን ሁለተኛ እሳት ይጠብቀው ነበር።

ሞሃቬዎች አሪዞናን ከካሊፎርኒያና ከኔቫዳ በሚያዋስነው የኮሎራዶ ወንዝ ዳር የኖሩ፣ ዛሬም ያሉ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ናቸው። ሸክላ ሠሪዎቻቸው ሴቶች ነበሩ። ጭቃውን ከተፈጨ ድንጋይ ጋር ለውሰው፣ እንደ ገመድ እያድቦለቦሉ ይደራርቡታል፤ ከውስጥ በድቡልቡል ድንጋይ ደግፈው ከውጭ በጠፍጣፋ እንጨት እየመቱ ያሳሱታል። በቢጫ አፈር የሣሉት ጌጥ በእሳት ሲበስል ይቀላል። ጌጡም ስም አለው፤ የዓሣ አከርካሪ፣ ዝናብ፣ ኤሊ። በትልልቆቹ ጋኖች ውስጥ ሕፃናትን አስቀምጠው፣ እየዋኙ በመግፋት ወንዙን ያሻግሯቸው ነበር።

ሰው ሲሞት ግን አስከሬኑ ከንብረቱ ጋር ይቃጠላል፤ ስሙም ዳግመኛ አይነሣም። እኔ በባንክ ሥራዬ የሟች ሒሳብ ለወራሽ ሲተላለፍ ዘወትር አያለሁና ይህ ልማድ ብዙ አሳስቦኛል። ዕቃ የማይወረስበት ቤት ምን ያወርሳል? እናት ለልጇ የተወችው ማሰሮውን ሳይሆን የማሰሮውን አሠራር እንደ ነበረ እረዳለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1883 የባቡር ሐዲድ ኒድልስ ደረሰ። ሴቶቹም በጣቢያው ለመንገደኞች የሸክላ ምስሎችን መሸጥ ያዙ። በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ደግሞ የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪው አልፍሬድ ክሮበር ለካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ሸክላዎቻቸውን ሰበሰበ።

እንግዲህ ዛሬ በመስታወት ውስጥ የምናደንቃቸው አሮጌ ሸክላዎች፣ አብዛኞቹ ወደ ባዕድ እጅ በማለፋቸው የተረፉ ናቸው። በቤታቸው የቀሩት ባለቤቶቻቸውን ተከትለው ሄደዋል። ከሙዚየም መደርደሪያ ፊት ስንቆም፣ ያላየናቸውንም እናስባቸው።