ባምቢኖ በሰኞ ገበያ

ሰኞ ሰኞ ገበያው ሲፈታ የደሴ ብርድ ከጦሳ ተራራ ላይ ይወርዳል። ከኩታበርና ከገራዶ የመጣው ገበያተኛ ግን አህያውን ነድቶ ወደ አገሩ ከመመለሱ በፊት ከእህል ተራው ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ቤት በር ላይ ይቆም ነበር። በሩ አጠገብ ጥቁር ሰሌዳ ተደግፏል። በጠመኔ የሚጻፍበት ከሳምንት ሳምንት እምብዛም አይለወጥም፤ «ካራቴ፣ ቀጥሎ ህንድ፣ ማታ ትሪኒቲ»። ለልጅ ስሙኒ፣ ለትልቅ ሰው ሽልንግ። ውስጡ ስድስት አግዳሚ፣ ፊት ለፊት በእንጨት ሣጥን የሚቆለፍ ቴሌቪዥን፣ ከሥሩ ዴክ። ዴኩ ከአሰብ በሚመጡ የጭነት መኪኖች በኮምቦልቻ በኩል እንደገባ ይወራ ነበር። እኔ በ1984 ዓ.ም. የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ ያንን በር ማለፍ ጀመርኩ።

የአገራችን የሲኒማ ታሪክ ሲነሣ አዲስ አበባ ውስጥ ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ከሰየመው አዳራሽ ይጀመራል፤ ከዚያ አምፒር፣ አምባሳደር እያለ ይቀጥላል። የክፍለ ሀገር ቪዲዮ ቤት በዚህ ታሪክ ውስጥ ቦታ አላገኘም። ይህ ይቆጨኛል። ምክንያቱም እኔ በኋላ ብዙ አዳራሽ ገብቻለሁ፤ ተመልካች ፊልሙን ራሱ ሲሠራው ያየሁት ግን ሰኞ ገበያ ብቻ ነው።

ትሪኒቲ እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣ የካውቦይ ኮሜዲ ነው። ሁለት ወንድማማቾች አሉ። ታናሽየው ትሪኒቲ ቀጭን፣ አቧራ የጠጣ፣ እጁ ፈጣን፣ ከስንፍናው ብዛት ፈረሱ በቃሬዛ እየጎተተው የሚሄድ ነው። ታላቅየው ባምቢኖ ግንድ የሚያክል፣ ጢማም፣ ቁጡ የፈረስ ሌባ ሲሆን በሰው ከተማ ሹም መስሎ ተቀምጧል። አንዱ ሰላም ይፈልጋል፣ አንዱ ነገር ይዞበት ይመጣል። እንዲህ ዓይነት ጥንድ ለእኛ እንግዳ አልነበረም። ስለ አለቃ ገብረ ሐናና ስለ ባለቤታቸው ስለ ወይዘሮ ማዘንጊያ የሚወራውን ጨዋታ እየሰማን ነው ያደግነው። በዚያው በ1980ዎቹ አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ፣ ደረጄ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩም ጥንድ ጥንድ ሆነው አገሩን ያስቁት ነበር። ትሪኒቲና ባምቢኖ ግን በማናውቀው ቋንቋ እያወሩ ነው የገቡልን።

በእኛ ቪዲዮ ቤት የሚያስተረጉመው ታላቅ ወንድሜ ነበር። ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት አሥራ አንደኛ ክፍል ይማራል፤ በክፍያ ፈንታ በነፃ ይገባል። ከቴሌቪዥኑ ጎን በዱካ ላይ ተቀምጦ አክተሩ ሲናገር በአክተሩ ድምፅ፣ ቦሱ ሲናገር በቦሱ ድምፅ ይናገራል። ያልገባውን ከራሱ ይሞላዋል። ባምቢኖን የወሎ ሽማግሌ ያደርገው ነበር፤ «አንተ ልጅ፣ እስቲ እናት ትሙት፣ ዛሬ እንኳ በሰላም ልዋልበት!» ሲል ቤቱ ይናጋል። ወንድሜ ትርጉሙን ያሳመረው ሕዝቡ እየረዳው ነው። አንድ ሰው ከኋላ የተሻለ ቃል ከወረወረ በሚቀጥለው ሰኞ ያ ቃል የባምቢኖ ይሆናል። በወሩ መጨረሻ ፊልሙን እኛ የጻፍነው እስኪመስል ድረስ ንግግሩ ሁሉ የሰኞ ገበያ ነበር።

ሁሉም የሚጠብቀው የባቄላውን ቦታ ነው። ትሪኒቲ አቧራ ለብሶ አንዲት ማረፊያ ቤት ይገባል፤ የባቄላ ወጥ ከነመጥበሻው ይቀርብለታል። ሳያወራ፣ ሳይቸኩል፣ ቀና ሳይል ይበላል። ዳቦውን እየቆረሰ የመጥበሻውን ዳር ይጠርጋል፣ ያጣቅሳል፣ ይጎርሳል። ይህ ሁሉ ሲሆን አጠገቡ ያሉት ሰዎች ፈዘው ያዩታል። እኛም ዝም እንላለን፤ እውነቱን ለመናገር ብዙዎቻችን በዚያ ሰዓት እርቦናል። ከዚያ ከመካከል አንዱ ክርስቲያን «ባቄላ ነው እኮ የሚበላው፤ ጾመኛ ነው!» ይላል። ረመዳን ሲሆን ደግሞ ከግድግዳው ጥግ «መግሪብ ደርሷል፣ ተዉት ያፍጥር!» የሚል ይነሣል። በአንድ አግዳሚ ላይ የተቀመጡ ሁለት ሃይማኖቶች በአንድ መጥበሻ ባቄላ ላይ እኩል ይስቁ ነበር። ይህን ስጽፍ ሣቁ ጆሮዬ ላይ አለ።

የባምቢኖ ዱላ ሌላ ነው። ጡጫውን ከላይ ወደ ታች በአናት ላይ ያወርደዋል። እኛ «ዘነዘና» እንለዋለን። እጁ ወደ ላይ ሲነሣ ቤቱ በሙሉ «ኧ...» ብሎ ትንፋሹን ይይዛል፤ ሲወርድ ሁሉም እግሩን መሬት ላይ ያሳርፋል፤ የቆርቆሮው ግድግዳ ይንኳኳል።

ሴቶች አይገቡም ነበር ማለት ይቻላል። እኅቴ ከውጭ የቆርቆሮው ቀዳዳ ላይ ዓይኗን ለጥፋ የወንድሜን ድምፅ ትሰማ ነበር። ከኔ ይልቅ ፊልሙን በቃሏ የምታውቀው እሷ ናት። ያ ቀዳዳ ዛሬም ያሳዝነኛል።

ከተመልካቾቹ ሁለቱን ማንም አይረሳቸውም። አንደኛው ወፍራም ጌሾ ነጋዴ፣ ሙስሊም፤ ሁለተኛው የእሱን ጭነት የሚሸከም ቀጭን ክርስቲያን። ቀኑን ሙሉ በሒሳብ ሲነታረኩ ይውላሉ፤ ቀጭኑ ጌሾው ከረጢት ላይ ተጋድሞ ይተኛል፤ ወፍራሙ እየተቆጣ ይቀሰቅሰዋል። ማታ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያያሉ፤ የሁለቱንም ሽልንግ የሚከፍለው ወፍራሙ ነው። ሰዉ ማያውን ትቶ ወደ እነሱ ይዞር ጀመር። በዓመቱ በገበያው ውስጥ እውነተኛ ስማቸውን የሚጠራ አልነበረም፤ ባምቢኖና ትሪኒቲ ሆነዋል።

አንድ ማታ አንድ ሽማግሌ ጎሚስታ ገባ። በወጣትነቱ ከጣሊያን መካኒኮች ጋር ሠርቷል። ፊልሙ ሲጀምር የሚያልፉትን ስሞች ቀና ብሎ አነበበ፤ ሙዚቃውን የሠራው ፍራንኮ ሚካሊዚ መሆኑን ሲያይ «እነዚህ እኮ ጣሊያኖች ናቸው!» አለ። ማንም አላመነውም። ቀጥሎ «ለመሆኑ ባምቢኖ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሕፃን ማለት ነው» አለን። ግንዱን የሚያክለውን ሰውዬ አየነው፤ ከዚያ ሁላችንም ዞረን ጌሾ ነጋዴውን አየነው። ወንድሜ ለረጅም ጊዜ ማስተርጎም አልቻለም።

ሽማግሌው እውነቱን ነበር። ባምቢኖን የሠራው በድ ስፔንሰር እውነተኛ ስሙ ካርሎ ፔደርሶሊ ነው፤ የናፖሊ ልጅ፣ በኦሎምፒክ የተወዳደረ ዋናተኛ፣ መቶ ሜትርን ከአንድ ደቂቃ በታች የዋኘ የመጀመሪያው ጣሊያናዊ። ትሪኒቲን የሠራው ቴረንስ ሂል ደግሞ ማሪዮ ጂሮቲ ይባላል፤ የቬኒስ ልጅ። ፊልሞቻቸው በአሜሪካ እንደተሠሩ እንዲሸጡ የእንግሊዝኛ ስም አወጡ፤ በድ የአንዱን ቢራና የተዋናዩን የስፔንሰር ትሬሲን ስም አጣምሮ ነው ስሙን ያገኘው። ያ የምናውቀው የአሜሪካ በረሃም ጣሊያን ውስጥ ያለ ተራራና ሜዳ ነው።

ይህን ለአያቴ ነገርኳት። ጣሊያን ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴን በአውሮፕላን ሲደበድብ ሕፃን ነበረች፤ ታዝላ ወደ ጦሳ ነው የሸሸችው። ሚያዝያ 7 ቀን ከተማዋ ተያዘች። ፒያሳ የሚለውን ስም፣ ጎሚስታ የሚለውን ቃል፣ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን መንገድ ሁሉ ከዚያ ዘመን ጋር አያይዛ ነው የምታነሣው። ዝም ብላ ሰማችኝና «እነሱም ያስቃሉ ለካ» አለች። ከዚያ ባቄላውን እንዴት እንደሚበላ እንዳሳያት ጠየቀችኝ። በሹሮ ድስት አሳየኋት።

ቪዲዮ ቤቱ እንዴት እንደቀረ ለመናገር ብዙ አያስፈልግም። ቪሲዲ መጣ፣ እያንዳንዱ ቤት ማጫወቻ ገባ፤ ቀጥሎ ዲሽ ተተከለ። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ይዞ ሲመጣ በዱካ ተቀምጦ የሚያስተረጉም ልጅ አስፈላጊነቱ አበቃ። የቃና ትርጉም የተጣራ ነው፤ ከኋላ ሆኖ ቃል የሚወረውርለት ግን የለም።

በዚያው ዓመት፣ ሰኔ 20 ቀን በድ ስፔንሰር በ86 ዓመቱ ሮም ውስጥ ዐረፈ። እኅቴ ከደሴ ደወለችልኝ።

«ባምቢኖ ሞተ» አለች።

ልቤ ደነገጠ። «የትኛው?» አልኳት።

«የፊልሙ ነው። የኛው አለ፤ ጌሾ ተራው ላይ ሄጄ ነገርኩት።»

«ምን አለሽ?»

«ከረጢቱን አስተካክሎ ቁጭ አለና ‹ወንድምየውስ?› አለኝ። አለ፣ ደህና ነው አልኩት።»