ከሰሌዳው በላይ፦ የፕሮሰሰርን ፍጥነት የማሳደግ ታሪክና የሌሞ ከፍታ

በፋብሪካ ተሠርቶ ለገበያ የሚቀርብ የኤሌክትሪክ ሞተር በጎኑ ላይ ትንሽ ሰሌዳ ተለጥፎበት ይገኛል። በሰሌዳውም ላይ ጉልበቱ፣ ቮልቴጁና የዙሩ ብዛት ይጻፋሉ። በዓለም አቀፉ ደረጃ መሠረት፣ የተለየ ነገር ካልተገለጸ በቀር፣ እነዚህ ቁጥሮች የሚጸኑት ሞተሩ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,000 ሜትር በማይበልጥ ቦታ ሲሠራ ነው። በሌሞ ወረዳ የተከበበችው የሆሳዕና ከተማ ግን ከፍታዋ ወደ 2,200 ሜትር ገደማ ነው። ስለሆነም በሌሞ ስንዴ የሚፈጭ ወፍጮ የሚተክል መሐንዲስ የሰሌዳውን ቁጥር እንዳለ አይቀበልም፤ ለከፍታው የሚገባውን ቀንሶ ያነበዋል። በደጋ አገር የሚሠራ ባለሙያ ይህን ልማድ ከሥራው ጋር ተምሮታል።

የኮምፒዩተር ፕሮሰሰርም የራሱ ሰሌዳ አለው። ይኸውም በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመታ የሚገልጸው ቁጥር ነው። ምቱ ከኳርትዝ ክሪስታል ይመነጫል፤ በአንዱ ምትና በሚቀጥለው መካከል በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉት ወረዳዎች የተሰጣቸውን ሥራ መፈጸም አለባቸው። ምቱን ፋብሪካው ከመደበው በላይ ማፋጠን ኦቨርክሎኪንግ ይባላል። የወፍጮን ፑሊ በትንሽ ፑሊ ተክቶ ዙሩን እንደ መጨመር ነው፤ ዱቄቱ ቶሎ ይወርዳል፣ ኩሽኔታውም ይግላል።

ይህን ማድረግ የተቻለው ፋብሪካዎች የጥንቃቄ ትርፍ ስለሚተዉ ነው። ከአንድ የሲሊኮን ገበታ የሚቆረጡ ፕሮሰሰሮች ንድፋቸው አንድ ይሁን እንጂ አቅማቸው እኩል አይደለም። ቡና ተለቅሞ በደረጃ እንደሚለይ ሁሉ እነርሱም እየተፈተኑ በየፍጥነታቸው ይመደባሉ። የሚጻፍባቸውም ቁጥር በሞቃት ክፍልና በረጅም ዘመን አገልግሎት ጭምር ሊጠብቁት የሚችሉት ነው። ገበያው ርካሹን ዕቃ አብዝቶ ሲፈልግ ደግሞ የበለጠ መሥራት የሚችለው ፕሮሰሰር በዝቅተኛው ስም የሚሸጥበት ጊዜ አለ።

አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1981 ያቀረበው የግል ኮምፒዩተር በኢንቴል 8088 ፕሮሰሰር በ4.77 ሜጋኸርዝ ይሠራ ነበር። በ1984 የተከተለው ኤቲ የተባለው ሞዴል 80286 ፕሮሰሰር የነበረው ሲሆን ፍጥነቱ 6 ሜጋኸርዝ ነበር። የክሪስታሉ ምት 12 ሜጋኸርዝ ሆኖ ለሁለት ተከፍሎ ወደ ፕሮሰሰሩ ይደርስ ነበር። ክሪስታሉ ከመሰኪያው የሚነቀል በመሆኑ ብዙ ባለቤቶች በ16 ሜጋኸርዝ ክሪስታል እየተኩት 8 ሜጋኸርዝ አገኙ፤ ይህም የአንድ ሦስተኛ ጭማሪ ነው። አይቢኤም ቆይቶ በማስነሻው ፕሮግራም ውስጥ ምቱን የሚመረምር ትእዛዝ አስገባ፤ ምቱ ከተፈቀደው ካለፈ ኮምፒዩተሩ አልነሣም ይላል። የጥንቃቄው ትርፍ የገዢው ነው ወይስ የፋብሪካው? የሚለው ጥያቄ በዚያን ጊዜ በግልጽ ታየ።

እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ ኢንቴል ሴሌሮን 300ኤ የተባለውን ርካሽ ፕሮሰሰር አወጣ። ፍጥነቱ የሚገኘው የሰሌዳው 66 ሜጋኸርዝ ምት በ4.5 ተባዝቶ ነበር። ማባዣው የተቆለፈ ቢሆንም ምቱን ወደ 100 ሜጋኸርዝ ያሳደጉ ሰዎች ከብዙዎቹ ፕሮሰሰሮች 450 ሜጋኸርዝ አገኙ። ማባዣው እንዲቆለፍ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ፣ አንዳንድ ነጋዴዎች በዝቅተኛው ፕሮሰሰር ላይ የከፍተኛውን ቁጥር እየጻፉ ይሸጡ ስለነበር ነው። ከዚያ በኋላ ፋብሪካው ራሱ ቁልፉን ሸቀጥ አደረገው፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በስማቸው መጨረሻ «ኬ» የሚል ፊደል ያለባቸውን ያልተቆለፉ ፕሮሰሰሮች በበለጠ ዋጋ በሰፊው መሸጥ ጀመረ።

የታሪኩን አቅጣጫ የለወጠው ግን ሙቀት ነው። ፕሮሰሰር በሥራ ላይ የሚያወጣው ሙቀት ከምቱ ብዛትና ከቮልቴጁ ካሬ ጋር አብሮ ያድጋል። ምቱ በ10 በመቶ ቢጨምርና ይህን ለመሸከም ቮልቴጁም በ10 በመቶ ቢያድግ ሙቀቱ በ33 በመቶ ይጨምራል። 65 ዋት ያወጣ የነበረው ወደ 86 ዋት ገደማ ይደርሳል ማለት ነው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2004 የ4 ጊጋኸርዝ ፔንቲየም 4 ለማውጣት የነበረውን እቅድ ሰርዞ ወደ ባለ ብዙ እምብርት ፕሮሰሰር ፊቱን ያዞረው በዚሁ ሳቢያ ነው።

ከዚያ ወዲህ ፕሮሰሰሮች ሙቀታቸውን እየለኩ በራሳቸው የሚፈጥኑና የሚዘገዩ ሆኑ። የቀድሞውን ትርፍ አብዛኛውን ፋብሪካው ራሱ ተጠቀመበት። እርሱም ቢሆን ከስሕተት አልዳነም። እ.ኤ.አ. በ2024 የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ የጠረጴዛ ፕሮሰሰሮች አንዳንዶቹ ከሚገባው በላይ በሆነ ቮልቴጅ ምክንያት እየተዳከሙ መሄዳቸው ታወቀ፤ ኩባንያው የማስተካከያ ኮድ አውጥቶ ዋስትናውን በሁለት ዓመት አራዘመ። በአንድ ቀን ፈተና ያልታየው ጉዳት በወራት ውስጥ ታየ።

ይህ ታሪክ ለሌሞ ምን ይነግራል? ሆሳዕና ደጋ ስለሆነች ብርዱ ፕሮሰሰሩን ያቀዘቅዝልኛል ብሎ የሚያስብ ጀማሪ እውነቱን በግማሽ ይዟል። በ2,200 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለሉ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ማራገቢያው ያንኑ ያህል ቢዞርም ሙቀቱን ተሸክሞ የሚሄደው የአየር ክብደት ያንሳል። በባሕር ጠለል የማቀዝቀዣው ብረት ከክፍሉ አየር በ40 ዲግሪ የሚግል ቢሆን፣ በሆሳዕና ልዩነቱ ወደ 46 ወይም 48 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ክፍሉ ከቆላው ክፍል በ7 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ ሁለቱ ይጣፋሉ። ደጋው በቀኙ የሰጠውን በግራው መልሶ ይወስዳል። በውጭ አገር በባሕር ዳርቻ ከተማ የተፈተነ ቁጥር እንዳለ ወደ ሌሞ ሊመጣ የማይገባው ስለዚህ ነው።

አደጋውም የፕሮሰሰሩ መቃጠል ብቻ አይደለም፤ ዘመናዊ ፕሮሰሰር እጅግ ሲግል ራሱን ያዘገያል ወይም ያጠፋል። የከፋው ድምፅ የሌለው ስሕተት ነው። ወረዳው ሥራውን ሳይፈጽም ቀጣዩ ምት ቢደርስበት የተሳሳተ ቁጥር ያለማስጠንቀቂያ ወደ ፋይሉ ይገባል። በ2004 ዓ.ም. ማስተማር በጀመረው በዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የኢንጂነሪንግ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉ በአንዲት ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ካለ፣ ያተረፈው ጥቂት ደቂቃ ያጣውን አይክስለትም።

ስለዚህ ጀማሪው ሥርዓት ይከተል። አስቀድሞ ፋይሎቹን በሌላ ቦታ ይገልብጥ። ፕሮሰሰሩና ዋናው ሰሌዳ ማሳደግን የሚፈቅዱ መሆናቸውን ያረጋግጥ፤ የፋብሪካውን ዋስትና ሊያጣ እንደሚችልም ይወቅ። በጭን የሚያዝ ኮምፒዩተርን አይንካ፤ ማቀዝቀዣው ለዚህ አይበቃምና። ከዚያ የበጋውን አቧራ ከማቀዝቀዣው ክንፎች ጠርጎ፣ የደረቀውን የሙቀት ቅባት አድሶ፣ ምንም ሳይለውጥ ሙሉ ሥራ ሲሠራ ሙቀቱን ለክቶ ይመዝግብ። ብዙ ጊዜ የጠፋው ፍጥነት በዚህ ብቻ ይመለሳል። ምቱን በ100 ሜጋኸርዝ እየጨመረ በየደረጃው በከባድ ስሌት ይፈትን፤ ቮልቴጁን ግን በመጨረሻ ካልሆነ አይንካ። ሙቀቱ 80 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይቁም። አንድ ስሕተት ከታየ ወደ ቀደመው ደረጃ ይመለስ፤ አልነሣም ካለም የማስነሻውን ቅንብር ወደ ፋብሪካው ይመልስ። ኃይል በሚቆራረጥበት ሰዓት ፈተና አያድርግ።

ከ1984 እስከ 2024 በነበሩት 40 ዓመታት ትርፉ ከባለቤቱ ወደ ፋብሪካው እየተዛወረ ጠቧል። የቀረው ጥቂት ነው፤ በከፍታ ላይ ደግሞ ያነሰ ነው። የማኅበሩ አባላት ለወፍጮ ሞተር ሲያደርጉት የኖሩትን፣ ቁጥርን ከቦታው ጋር አስተያይቶ የማንበብን ልማድ፣ በኮምፒዩተር ፊት ለተቀመጠው ወጣትም ቢያስተምሩት ብዙ ዕቃና ብዙ ድካም ይድናል።