ያው ማሊያ፣ ሌላ ስም ዝርዝር

ለእረፍት ማክሰኝት ስንገናኝ የማንስማማበት ክርክር አለን፦ ደቡብ አፍሪካ የሄደው ብሔራዊ ቡድናችን የቱ ነው? ሁለቴ ሄዷልና። በጥር 2005 ዓ.ም. ለአፍሪካ ዋንጫ አሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ሳላዲን ሰዒድን ከግብፅ፣ ፉአድ ኢብራሂምን ከአሜሪካ ጠርተው ነበር። በጥር 2006 ለቻን ሲመለሱ ግን ደንቡ በአገሩ ሊግ የሚጫወተውን ብቻ ይፈቅዳል። ጌታነህ ከበደማ እዚያው ለቢድቬስት ዊትስ እየተጫወተ፣ አገሩ ደጁ ድረስ መጥታ ሳይሰለፍላት ቀረ! የጎደሉት ስሞች ጥቂት ናቸው፤ ግን አጥቂዎቹ ናቸው። በመጀመሪያው አዳነ ግርማ ዛምቢያ ላይ ያገባት አንዲት ጎል ነበረችን፤ በሁለተኛው በሊቢያ፣ በኮንጎና በጋና ተሸንፈን ባዶ እጃችንን ተመለስን። ያኔ አሠልጣኙን ስናብጠለጥል ደንቡን ያነበበ ከመካከላችን አልነበረም።