በደረቅ ድንጋይ ውስጥ የተገኘው ውኃ

ከአርብ ገበያ ተነሥቶ የታች ጋይንትን ገደላ ገደል የተመለከተ ሰው እንደሚያስተውለው፣ የአገሩ መሠረት ጥቁር ድንጋይ ነው። ገደሉ እርከን በእርከን የተደረደረው አንዱ የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ በሌላው ላይ እየተነጠፈ ስለ ደረቀ ነው። ይኸው የባዛልት ንጣፍ የሰሜን ምዕራቡን ደጋ አብዛኛውን ክፍል የሚሸፍን ሲሆን፣ ውፍረቱ በብዙ ሥፍራ ከ500 እስከ 2,000 ሜትር ይደርሳል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የሚታየው የጉና ተራራ ግን ከንጣፉ በኋላ የመጣ እሳተ ገሞራ ነው፤ ዕድሜው 10.7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው።

ይህን ድንጋይ በጂኦሎጂ ዓይን መርምረው በጽሑፍ ካስቀመጡት ቀደምት ሰዎች አንዱ ዊልያም ብላንፎርድ ነው። ብላንፎርድ በሕንድ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ባልደረባ የነበረ ሲሆን፣ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በናፒየር የተመራውን የእንግሊዝ ጦር ተከትሎ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ያረፉበት የመቅደላ አምባ፣ ከጋይንት በበሽሎ ሸለቆ ማዶ የሚገኝ የዚሁ ንጣፍ ቁራጭ ነው። ብላንፎርድ እ.ኤ.አ. በ1870 ባሳተመው መጽሐፉ የታችኛውን ንጣፍ በአሸንጌ ሐይቅ፣ የላይኛውን በመቅደላ ስም ሰየመ። ዕውቀቱ ለጦርነት በተጠረገ መንገድ መግባቱ የታሪክ ምፀት ነው፤ ይሁንና ሁለቱ ስሞች በጂኦሎጂ ጽሑፎች ውስጥ ከመቶ ዓመት በላይ ሲሠራባቸው ኖረዋል።

የንጣፉ ዕድሜ በትክክል የታወቀው ብዙ ዘግይቶ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ገዛኸኝ ይርጉ የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ጥናት፣ ከፍሳሹ አብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ በአንድ ሚሊዮን ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ እንደ ፈሰሰ አሳየ። ታዲያ ይህን ያህል አለት ከምድር ቅርፊት በታች፣ ማንትል በሚባለው ክፍል፣ ምን አቀለጠው? ዋናው ምክንያት ሙቀትና ከጥልቁ ወደ ላይ የሚወጣ አለት የሚደርስበት የግፊት መቀነስ ነው። ሦስተኛም አለ፤ እርሱም ውኃ ነው። ጃፓናዊው ኢኩኦ ኩሺሮና ሌሎች ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ባደረጉት ሙከራ፣ በከፍተኛ ግፊት ውስጥ ያለ አለት ውኃ ሲጨመርበት በመቶዎች በሚቆጠር ዲግሪ ዝቅ ባለ ሙቀት እንደሚቀልጥ ታየ።

ነገር ግን ውኃው በየት ይቀመጣል? ሚካና አምፊቦል የተባሉት ማዕድናት በቀመራቸው ውስጥ ውኃ አላቸው፤ ሆኖም በላይኛው ማንትል እምብዛም አይበዙም። የዚያ ክፍል ዋና ማዕድን ኦሊቪን ነው። የኦሊቪን ቀመር ማግኒዝየም፣ ብረት፣ ሲሊከንና ኦክሲጅን ብቻ የያዘ በመሆኑ፣ ኦሊቪን ለረጅም ጊዜ ደረቅ ማዕድን ሲባል ኖሯል። ማርቲንና ዶኔ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1972 ይህን አስተሳሰብ የሚነካ ሐሳብ አቀረቡ። እንደ እነርሱ አባባል፣ ደረቅ በሚባሉት ማዕድናት ውስጥ ሃይድሮጂን ከኦክሲጅን ጋር ተጣምሮ፣ ሃይድሮክሲል ሆኖ ሊሸሸግ ይችላል። በክሪስታሉ ውስጥ ማግኒዝየም ወይም ሲሊከን በጎደለበት ቦታ ሃይድሮጂን ይገባል ማለት ነው። እንግዲህ ይህ ጠብታ አይደለም፤ ቢጨምቁት የሚወጣም አይደለም።

ማረጋገጫው የተገኘው በታሕተ ቀይ ጨረር ነው። የማዕድኑ ቀጭን ስላች ተወልውሎ ጨረር ሲያልፍበት፣ ሃይድሮክሲል የራሱን የሞገድ ርዝመት መርጦ ይውጣል፤ ከተዋጠው መጠንም ውኃው ይሰላል። ቤልና ሮስማን እ.ኤ.አ. በ1992 እሳተ ገሞራ ከጥልቅ ይዟቸው በወጣ የማንትል ቁርጥራጮች ላይ የተደረገውን ምርመራ አጠቃለው አሳተሙ። በጎጃም እንጅባራና በደቡብ ሜጋ አካባቢም የዚህ ዓይነት ቁርጥራጮች ይገኛሉ። ሃይድሮጂን ከኦሊቪን ውስጥ ፈጥኖ ስለሚያመልጥ፣ ቁራጩ በጉዞ ላይ እያለ ውኃው ሊቀንስ ይችላል። ፓይሮክሲን ግን ይበልጥ ያቆየዋል።

መጠኑ ጥቂት ነው። ከአንድ ሚሊዮን እጅ 100 እጅ ውኃ ነው ብንል፣ 3,300 ኪሎ ግራም የሚመዝን አንድ ሜትር ኩብ የማንትል አለት የሊትር ሢሶ ያህል ብቻ ይይዛል። ማንትል ግን እጅግ ሰፊ ስለሆነ ድምሩ ታላቅ ነው። ከ410 እስከ 660 ኪሎ ሜትር ባለው ጥልቀት ደግሞ ኦሊቪን ቅርጹን ለውጦ ብዙ ውኃ ለመያዝ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2014 ከብራዚል በተገኘ አልማዝ ውስጥ ሪንግውዳይት የተባለው ማዕድን ታይቶ፣ ከክብደቱ 1 ከመቶ ያለፈው ውኃ እንደ ሆነ ተገመተ። በዚያን ጊዜ ብዙ ጋዜጦች «ከምድር በታች ውቅያኖስ ተገኘ» ብለው ጻፉ፤ ይህ አባባል አንባቢን የሚያሳስት ነበር።

ጉዳዩ ወደ አገራችንም ይመጣል። አታላይ አየለ የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገድ ጥናት፣ ከአፋር በታች ከ410 ኪሎ ሜትሩ ወሰን በላይ ሞገድ የሚዘገይበት ንጣፍ እንዳለ አመለከተ። አጥኚዎቹ ይህን የተረጐሙት ከጥልቁ የሚወጣው አለት ወሰኑን ሲሻገር ውኃ ለቅቆ በጥቂቱ መቅለጡን ያሳያል በማለት ነው። ትርጓሜው የመጨረሻ ቃል አይደለም፤ ቢሆንም የደጋውን ንጣፍ አፈጣጠር ለሚያስተምር ሰው ችላ የሚባል አይደለም።

የሳይንስ መምህሩ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ድርቅ በተደጋጋሚ በሚጐበኘው በታች ጋይንት «ከድንጋዩ ሥር ውቅያኖስ አለ» የተባለ ተማሪ፣ ጉድጓድ ቢጠልቅ ይገኛል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። የማንትሉ ውኃ ግን ለእንስራ የሚሆን አይደለም። የሚጠጣው ውኃ ዝናብ በተሰነጠቀው ባዛልት ሰርጎ፣ በሁለት ፍሳሾች መካከል ካለው ቀይ የሸክላ አፈር ሲደርስ ማለፊያ አጥቶ ወደ ጐን የሚወጣው ነው። ያ ቀይ መስመር አንዱ ፍሳሽ ከደረቀ በኋላ ሌላው እስኪመጣ አፈር የሆነው፣ ኋላም በአዲሱ ፍሳሽ ትኩሳት የተጠበሰው ገጽ ነው። ተማሪዎችን ወደ ገደሉ ወስዶ በመስመሩ ግርጌ ምንጭ መፍለቁንና አለመፍለቁን ማስመዝገብ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የሚበቃው እርሳስና ደብተር ነው።